የዶሮ ማነቂያው ወይንና የማይሞተው ሰርዶ

ንጋት፣ ባቱ

ከቤቴ ስወጣ ሐይቁ ገና አልነቃም። ጭጋጉ ከውሃው ተነስቶ እስከ አስፋልቱ ተዘርግቷል፤ መናኸሪያው ውስጥ የረዳቶቹ ድምፅ ይሰማል እንጂ መልካቸው አይታይም። «አዲሳባ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ይላል አንዱ። ስገባ ሚኒባሱ ውስጥ ያለችው ሁለት ዶሮ በዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ይህን ውሸት ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም አምኜ ገባሁ።

ቀኑ ቀዳም ስዑር ነው፣ የፋሲካ ዋዜማ። ሾፌሩ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። ፊቱ ላይ የሚታየው ግን ድካም ሳይሆን ሕልም ውስጥ ያለ ሰው ርጋታ ነው። መሪውን ዘና ብሎ ይዞ፣ «እናቴ፣ በዓሉን ከልጆች ጋር ሊያሳልፉ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ለአረም ነው የምሄደው።»

«አዲሳባ? ለአረም?»

«ፒያሳ።»

በመስታወቱ አየኝ። ጾሙ እኔንም ያዞረኝ ሳይመስለው አልቀረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፒያሳ እኮ አስፋልትና ፎቅ ነው፣ እናቴ። አረሙ ምን ላይ ይበቅላል?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በባቱ ዙሪያ ባሉ የወይንና የፍራፍሬ እርሻዎች ሥራዬ ከአረም ጋር መጣላት ነበር። አሁን በየሄድኩበት ያየሁትን ለጋዜጣ እጽፋለሁ። ሰሞኑን ሜሮን የምትባል አንባቢ ደወለችልኝ። አባቷ ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ጫፍ ላይ ባለ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ያረጀ ወይን አላቸው፤ ወይኑን ሰርዶ ውጦታል።

«አባቴ ሰርዶ ሲነቅል ሊሞትብኝ ነው» አለችኝ። «ባለፈው ክረምት እዚያው ወይኑ ሥር ወድቆ ዳሌው ተሰንጥቋል። ከፋሲካ በኋላ ግቢውን ሲሚንቶ ላስደርገው ሠራተኛ ይዣለሁ። እሱ ግን እኔን አይሰማም። እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት፤ መጥተው ወይኑ እንደማይድን ይንገሩልኝ።»

«የሚድን ቢሆንስ?» አልኳት።

«ብቻ ይንገሩልኝ» አለች መልሳ።

መቂን ስናልፍ ፀሐይዋ ወጣች፤ እኔ ደግሞ አንቀላፋሁ። በእንቅልፌና በንቃቴ መካከል ድሮ የማውቃቸው የወይን ረድፎች በመስኮቱ በኩል አብረውን ሲሮጡ ይታዩኛል፤ በመካከላቸው ሰርዶው በጤዛ ርሶ ያብለጨልጫል። ሰርዶ ከላይ ሲያዩት የዋህ ሣር ነው፤ ሰው ይተኛበታል፣ ከብት ይግጠዋል። ከመሬት በታች ግን ነጭ ገመዱን ከወይኑ ሥር ጋር አጠላልፎ ውሃውን ቀድሞ ይጠጣል። ወይኑ አይሞትም፤ ብቻ ማፍራት ይተዋል። እኔ ይህን ሣር እጠላዋለሁ ብዬ በሰው ፊት እምላለሁ፤ ሕልሜ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አምሮ ይታየኛል።

ረፋድ፣ ቸርችል ጎዳና

ከቃሊቲ በታክሲ ለገሃር ደርሼ ቸርችልን በእግሬ ልውጣ አልኩ። ጉልበቴ አልተስማማም፤ ልቤ ግን ቀድሞ ሄዷል። ዳገቱ ላይ ከተማው በቀጭን ጉም ተሸፍኖ የላይኛው ጫፍ አይታይም፤ ሰዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ አንዳንዶቹ በግ እየጎተቱ፣ አንዳንዶቹ እንቁላል እንደ ሕፃን አቅፈው። አንዱ ታክሲ ጣራው ላይ ሙክት ጭኗል። ሙክቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ሆቴሎቹንና ሱቆቹን ግራና ቀኝ እያየ ያልፋል፤ ከተማውን ሊገዛ የመጣ ባለሀብት ይመስላል።

የመንገዱ ዳር አዲስ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ከመብራቱ ሥር በካሬ በካሬ የተተከለ ሣር። አንዲት ሠራተኛ በጎማ ውሃ ታጠጣዋለች። ከማጠጫዋ ጥቂት አለፍ ብሎ ሌላ ሣር አለ፤ በየጥጉ የተከመረ ለምለም ቄጤማ፣ ለበዓል ወለል የሚጎዘጎዝ። አንዱ እስር መቶ ብር ተባለ፣ የሚከራከር የለም። እርጥብ የወንዝ ዳር ሽታው ከመኪናው ጭስ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ላይ ድረስ አብሮኝ ወጣ።

እየወጣሁ ስሄድ የሰዎቹን ግንባር ማስተዋል ጀመርኩ። ሽማግሌው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ባለ ክራቫቱ፣ ሁሉም ራሱ ላይ አረንጓዴ ነገር አስሯል። እኔ ያደግሁት በወንጌላውያን ቤት ነው፤ ፋሲካን በመዝሙርና በእንቁላል ሳንድዊች ነው የማውቀው። ስለዚህ አንዷን መንገደኛ አስቁሜ ጠየቅኳት።

«ዛሬ ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ» አለችኝ ግንባሯን እየነካች። «የኖኅ ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ መጣች አይደል? ውሃው ጎደለ ብላ። የምሥራች ነው፤ እስከ ነገ እናስረዋለን።»

ከዚያ በኋላ ከተማውን በሌላ ዓይን አየሁት። ይህ ሁሉ ሕዝብ የምሥራች ራሱ ላይ አስሮ፣ ተርቦ፣ ድምፁን ቀንሶ ዳገት ይወጣል ቁልቁለት ይወርዳል። ደስ አለኝ። የእኔ ግንባር ብቻ ባዶ መሆኑም ትንሽ ከፋኝ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ሜሮን የሰጠችኝ ምልክት በድልድዩ በኩል ስለሆነ ወደዚያ ዞርኩ። ድልድዩ አካባቢ ያለው ሱቅ ሁሉ ሆዱን ወደ ውጭ አውጥቷል፤ ገመድ፣ ላስቲክ፣ ቢላዋ፣ ምጣድ ማሰሻ፣ የሽንኩርት ጆንያ። መራመድ ማለት ይቅርታ መጠየቅ ነው። አካፋና መኮትኮቻ የደረደረ ሱቅ አይቼ ገባሁ፤ ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፣ እሱም ቄጤማውን በኮፍያው ላይ አስሮታል።

«ለሰርዶ ምን አለህ?» አልኩት። መግዛቴ አይደለም፤ ሰው ምን እንደሚሸጥ ማወቅ እወዳለሁ።

«ሰርዶ ነው ያስቸገረሽ፣ ማዘር? ነቄ ነን እኛ!» ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ጠርሙስ አወጣ። «ይሄን አንዴ ረጨት ነው። ዘር ማንዘሩ አይተርፍም።»

«ሰርዶው ያለው ወይን ሥር ነው።»

«ይሁና።»

«ወይኑስ?»

ጠርሙሱን አገላብጦ አየው፤ እዚያ ላይ ስለ ወይን ምንም እንዳልተጻፈ ሁለታችንም እናውቃለን። «ወይኑ እንግዲህ... ዕድሉ ነው» አለ።

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ይህ መርዝ ለሣርም ለወይንም አያዳላም፤ ነፋስ አንዲት ጠብታ ወደ ለጋው ቅርንጫፍ ከወሰደ ወይኑ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉ ተጨማዶ ይወጣል። ይህን ነገርኩት።

«ማዘር፣ የመርዜን ስም አጠፋሽብኝ እኮ!» አለ፤ ጠርሙሱን ግን ወደ ጀርባ መለሰው። «ለመሆኑ የማን ወይን ነው?»

«የጋሽ ወርቁ። ልብስ ሰፊው።»

«የጋሽ ወርቁ!» ከባንኮኒው ወጥቶ እስከ በር ሸኘኝ። «ያንን ወይን ልጅ ሆነን ሰርቀን በልተነዋል። ይመችሽ። በዚያች ቅያስ ታጠፊ፤ የፈረሰውን አልፈሽ ያልፈረሰው ላይ ስትደርሺ እሱ ነው።»

እኩለ ቀን፣ ዶሮ ማነቂያ ጫፍ

የፈረሰውን ሰፈር አለፍኩ። ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም የቤት ወለል ብቻውን ተኝቷል፣ አንዱ ወለል ቀይ ሰም እንደተቀባ ነው። በጉሙ ውስጥ ቆሜ ሳየው ነዋሪዎቹ ጠዋት ቤታቸውን ተሸክመው የወጡና ማታ ይዘውት የሚመለሱ መሰለኝ። ያልፈረሰው ላይ ስደርስ የቆርቆሮ በር አለ፤ ከበሩ በላይ የወይን ጫፍ አጮልቆ ያያል።

ግቢው ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ኮክ፣ አንድ ዘይቶን፣ በመካከላቸው በአሮጌ የውሃ ቧንቧና በሽቦ ላይ የተዘረጋ ወይን፤ ግንዱ የሰው ጭን ያህል ወፍሯል። ብርሃኑ በቅጠሎቹ ውስጥ አልፎ መሬት ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠሉ ግን ትንንሽና ገረጣ ያለ ነው። ከሥሩ ዙሪያ ሰርዶው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በመካከሉ እንግጫ በሹል ጫፉ ብቅ ብቅ ብሏል።

ምንጣፉ ላይ ጋሽ ወርቁ ጆንያ አጥፈው ተንበርክከዋል። ቀጭን ናቸው፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ በእጃቸው መኮትኮቻ። አንድ ጊዜ ይቆርጣሉ፣ አንድ ጊዜ ያርፋሉ።

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ ሳይነሱ። «ጴንጤ ነች ብላኛለች ሜሮን። ወይን ስታሳድጊ ኖረሽ አንድ ቀን ሳትቀምሺው ጡረታ ወጣሽ?»

«ፍሬውን እበላለሁ፣ ጋሽ ወርቁ።»

«እሱማ ወፍም ይበላል!»

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከማድ ቤት እየሳቁ ወጡ። እሳቸው ክብ ፊት ያላቸው፣ እጃቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ራሳቸው አክፍለው ሁለቱም ምንም ሳይቀምሱ፣ ከጸሎተ ሐሙስ የተረፈ ጉልባን በሳህን አመጡልኝ። «እንግዳ ከእኛ ጋር አይራብም» አሉ። ሁለት የተራቡ ሽማግሌዎች እያዩኝ ስንዴና ባቄላ ማላመጥ እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም፤ ጨርሼው ግን ነው የተነሳሁት።

ስበላ ጋሽ ወርቁ ነገሩን ነገሩኝ። ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን የሚጨመቀው ከዘቢብ ነው፤ ምእመናንም ከሱቅ ገዝተው ለደብራቸው ይሰጣሉ። እሳቸው ግን የራሳቸውን ይሰጡ ነበር። ፍሬው ሲደርስ ለቅመው፣ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ንጹሕ አቡጀዲ አንጥፈው፣ ቀን እያሰጡ ማታ እያስገቡ ያደርቁታል።

«ልብስ ስሰፋ የኖርኩት ለሰው ነው» አሉ። «ይሄ ብቻ ነበር የራሴ። አሁን ስንት ዓመቱ፣ ፍሬ የሰጠኝ የለም። በየዓመቱ ይኸው ከሰርዶው ጋር እታገላለሁ፤ በየዓመቱ እሱ ያሸንፋል። የሱቁን ግዛ ይሉኛል። የሱቅማ ማንም ይሰጣል።»

መኮትኮቻቸውን አስቀመጡት። «በይ እስቲ እይው። አለቀለት ካልሽ አለቀለት ነው፤ ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ። ካንቺ በኋላ አልከራከርም።»

ሜሮን የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። አንድ ቃል፣ ከዚያ ሲሚንቶ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወይኑ ሥር

መጀመሪያ የግንዱን ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ነው፤ በሕይወት አለ። ከዚያ በጆንያው ላይ ተንበረከክኩና መሬቱን በእጄ እከፍተው ጀመር። ጋሽ ወርቁ ደክሟቸው ወንበር ላይ ሸለብ አደረጋቸው። ግቢው ጸጥ አለ፤ ከሩቅ የበግ ድምፅ፣ ከቅርብ የንብ ድምፅ። እኔም አፈር ውስጥ እጄን ከትቼ የት እንዳለሁ ረሳሁት፤ ባቱ ይሁን ፒያሳ፣ ሥራ ላይ ይሁን ሕልም ላይ።

አንድ ነገር ግን አላስቀመጠኝም። ኮኩ ሥር ሰርዶ የለም። ዘይቶኑም ሥር የለም። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ግቢው አንድ። ሰርዶው ያለው ወይኑ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን በማድ ቤቱ በር በኩል ይወፍራል፣ በአጥሩ በኩል ይሳሳል። ሰርዶ በራሱ ቢመጣ ኖሮ ከአጥሩ ነበር የሚገባው።

ይህን እያሰብኩ ከበሩ በኩል ቃጭል ተሰማ። አንድ ካህንና አንድ ዲያቆን ቄጤማ ተሸክመው ገቡ። ጋሽ ወርቁ ነቅተው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እትዬ ዘነበች እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጡ። ካህኑ በግዕዝ የሰላም ቃል እያሉ ለሁለቱም አደሏቸው፤ ለእኔም ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ፤ እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር እያልኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ግንባር አሰሩ። የእትዬ ዘነበች ቄጤማ አጭር ሆኖ አልደርስ ሲል ጋሽ ወርቁ አብሮት የመጣ የሰርዶ ሐረግ መዘው ቀጠሉበትና ቋጠሩት።

ካህናቱ ወጡ፤ እኔ ወደ አፈሬ ተመለስኩ። ብዙም ሳልቆፍር ጣቴ አንድ ክብ ነገር ነካ። አውጥቼ አየሁት። የራስ ልክ የሆነ የቄጤማ ቀለበት ነው፣ ጠቁሮ ግማሹ አፈር ሆኗል። ቋጠሮው ላይ ግን የታሰረበት የሰርዶ ሐረግ አልሞተም፤ ከየአንጓው ነጭ ሥር ሰዶ፣ ወደ ላይ ሁለት ለምለም ቅጠል አውጥቷል። ከሥሩ ሌላ ቀለበት ነበር፤ ከዚያም ሥር ሌላ።

እትዬ ዘነበች ማድ ቤቱ በር ላይ ለማታ የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ ውሃ እየረጩ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስሩ ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ሥሩ ከነጭቃው፣ በመካከሉ ሰርዶና እንግጫ።

«መርጬ ነው የገዛሁት» አሉ። «ሥሩን ከያዘ አይጠወልግም።»

«እትዬ፣ ከበዓሉ በኋላ ሲጠረግ የት ይጣላል?»

«ውይ፣ እንዴት ይጣላል!» ደነገጡብኝ። «የበዓል ቄጤማ እኮ ነው። የራሳችን ደግሞ የተባረከ ነው፤ እግር ሊረግጠው? እኔ አንዱንም አልጥልም። ወይኑ ሥር አለብሰዋለሁ። ሌላ ቦታ እንኳ አላደርገውም። ወይኑ ሲደክም ባየሁ ቁጥር አበዛለታለሁ። የገናውንም፣ የጥምቀቱንም፣ የእንቁጣጣሹንም። በረከቱ ይድረሰው ብዬ...»

እጄ ላይ ያለውን ቀለበት አዩት። ቅጠሎቹን አዩ። ውሃ የሚረጩበት ጣሳ እጃቸው ላይ ቆመ።

«እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው።

እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም እርሻ አይቼ አላውቅም። ወይኑ ሲደክም እሳቸው ሣሩን ያበዙለታል፤ ሣሩ ሲበዛ ወይኑ ይደክማል። አንዲት ሴት ፍቅሯን ከየበዓሉ እየሰበሰበች በምትወደው ነገር ላይ ስትከምር፣ ምን ተብላ ትወቀሳለች? አረም የምጠላ ሰው ነኝ፣ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ለወርቁ አትንገሪው» አሉ መጀመሪያ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ። ካልነገርነው ነገም ሊንበረከክ ነው።» ቀለበቱን ከእጄ ወሰዱና ወደ ባላቸው ሄዱ። እኔ ተከተልኩ፤ መከተል አልነበረብኝም፣ ግን ተከተልኩ።

«አንተ ወርቁ፣ ሰርዶውን የዘራሁት እኔ ነኝ» አሏቸው።

ጋሽ ወርቁ ቀለበቱን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ቅጠሉን ጎተት አድርገው ሥሩን አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ መጥቶ ሲሄድ አየሁት። «ይሄን ሁሉ ዓመት» አሉ፣ «ከሰርዶ ጋር ሳይሆን ከሚስቴ ጋር ነዋ የምዋጋው!»

እትዬ ዘነበች አልሳቁም።

ያኔ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሽ ወርቁ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እሳቸው ቢዘሩት ያባዙት እርስዎ ነዎት። ሰርዶ በመኮትኮቻ አይሞትም። የቆረጡት ቁራጭ ሁሉ አንጓ ካለው ራሱን ችሎ ይበቅላል። እሳቸው አንድ ሲያስቀምጡ እርስዎ ከትፈው መቶ ያደርጉታል።»

መኮትኮቻቸውን አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። ሳቁ የጀመረው ከትከሻቸው ነው፤ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው እስኪያጎነብሱ ድረስ። «ሼርካ ነን በይኛ! ዘነበች፣ ሼርካ ነን!» እትዬ ዘነበች መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው በእንባቸው ውስጥ ሳቁ።

ወደ ማታ፣ እዚያው

ሜሮን አንድ ዶሮና አንድ ትሪ እንቁላል ይዛ መጣች። ቁመቷ የአባቷ፣ እጇ የእናቷ ነው። ወደ ጎን ስባኝ፣ «ነገሩት?» አለችኝ።

ሁሉም በሚሰሙበት መናገር መረጥኩ። «ወይኑ በሕይወት አለ» አልኩ። «መቆፈር ዛሬ ይቁም። ወፍራም ካርቶን ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ፣ ውሃ አርሳችሁ፣ ሰርዶውን ሙሉ አልብሱት፤ ግንዱን ብቻ አትንኩት፣ አንድ ስንዝር ክፍት ተዉለት። በላዩ የአናጢ ፍቅፋቂ ጨምሩበት። ሰርዶ ብርሃን ካጣ ጉልበቱን እየበላ ይከሳል። እንግጫው ካርቶኑን ወግቶ ይወጣል፤ ያንን ሜሮን በእጅሽ ትነቅያለሽ። አባትሽ አይንበረከኩም። ሥር ወይም የሰርዶ አንጓ ያለው ሣር ደግሞ ከእንግዲህ ወደ ወይኑ አይሄድም። ቢያንስ ሁለት ክረምት ይፈጃል። ያፈራል ብዬ ግን አልምልም።»

«ሁለት ክረምት» አሉ ጋሽ ወርቁ። ወደ ወይኑ ቀና አሉ፤ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ዞሯል፣ ቅጠሉ ሁሉ ጠርዙ ነዶ ይታያል። «እኔ እደርስበት ይሆን?»

እትዬ ዘነበች የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉላቸው።

«እንግዲህ ዘንድሮ የሱቅ ዘቢብ ይሄዳል» አሉ በመጨረሻ። የዓመታት እልኻቸውን እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር አስቀመጡት። ሜሮን አባቷን አየቻቸው።

ቤቱ ውስጥ የመብራት ገመድ ጎትተው መብራት አበሩ። ወለሉ ታጥቦ ደርቋል፤ የሚቀረው መጎዝጎዝ ነው። እትዬ ዘነበች እስሩን ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ፣ አልፈቱትም። ሥሩን ያያሉ፣ ወለሉን ያያሉ።

«ቤቴ ያለ ቄጤማ ፋሲካን ይቀበል?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሽ ወርቁ ተነሱ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው የሆነ ሣጥን ሲከፍቱ ተሰማ፤ ሲመለሱ በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጨርቁን ሲፈቱት ትልቅ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው፤ መያዣው በእጅ ብዛት የተላገ፣ ስለቱ እንደ ውሃ የሚያበራ።

«አባዬ!» አለች ሜሮን። ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ፣ «በዚህ መቀስ አንድ ጊዜ የደብተር ወረቀት ቆርጬበት ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኾብኛል። ከጨርቅ ሌላ አይቆረጥበትም» አለችኝ።

አባቷ ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ከእስሩ አንድ ጭብጥ አወጡ፤ ሰርዶውን መዘው ለዩት፤ ጭቃ ያለበትን ሥር በመቀሱ መካከል አስገብተው ቆረጡት። ሥሩ ተለይቶ ወደቀ። ሁለተኛውን ሲሞክሩ ስለቱ ሥሩን ስቶ ለምለሙን ቆረጠ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ፤ ምሽቱ ነው፣ ዕድሜውም ነው።

ሜሮን ስልኳን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ቀበቶ ጠበቅ እንደሚያደርግ ሰው ሻርፗን አስተካክላ፣ «ሄሎ፣ ስለ ሲሚንቶው ነበር» ስትል ሰማሁ። «አይ፣ አይምጡ። ትተነዋል።»

እኔም መሄድ ነበረብኝ፤ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ታክሲ ሰዓቱ ደርሷል። ደፉ ላይ ልሰናበታቸው ስል ጋሽ ወርቁ መቀሱን ገልብጠው፣ ስለቱን ወደ ራሳቸው መያዣውን ወደ ሚስታቸው አድርገው ዘረጉት።

«ዓይኔ ሥሩን አይለይም» አሉ። «እኔ ልያዝ፣ አንቺ ቁረጪ።»

እትዬ ዘነበች እጃቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው ጠረጉ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያንን መቀስ ነክተውት አያውቁም ነበር። ጣቶቻቸውን ወደ መያዣው አስገቡና፣ ባላቸው በያዙላቸው ቄጤማ ላይ ቀስ ብለው ጨመቁ።